ትርኢቱ ሲያልቅ ምን ይቀራል?
ስለ አንድ ፊልምና ስለ ትምህርት ቤቶቻችን የኪነ ጥበብ ክበቦች የቀረበ ሂስ

በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የኪነ ጥበብ ክበብ በስም አይጠፋም። አንዱ ዘንድ የሙዚቃና ድራማ ክበብ፣ ሌላው ዘንድ የባህል ክበብ፣ አንዳንዱ ዘንድ ደግሞ ሚኒሚዲያ ይባላል። ስሙ ቢለያይም የአሠራሩ ልማድ ተቀራራቢ ነው። ክበቡ አብዛኛውን ዓመት ተኝቶ ይከርምና የወላጆች ቀን ወይም ሌላ በዓል ሲቃረብ ይቀሰቀሳል። ርእሰ መምህሩ «እንግዶች ይመጣሉና አንድ ነገር አዘጋጁ» ይላሉ። ተጠሪው መምህር አስቀድሞ የሚያውቃቸውን ዐሥር ያህል ልጆች ከየክፍሉ ያስጠራል። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ውዝዋዜና አንድ አጭር ድራማ ይደርሳል። የባህል ልብስ በኪራይ ይመጣል። ቀኑ ይደርሳል፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ክበቡ ተመልሶ ይተኛል።

ለመሆኑ ይህ ሥልጠና ነውን? ዐሥሩ ልጆች ከሦስቱ ሳምንታት ምን ይዘው ይወጣሉ? የቀሩት በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎችስ ከማጨብጨብ በቀር ምን ድርሻ ነበራቸው?

ስለ ራሳችን ብቻ ብንናገር ሰበባችን ይበዛል። አዳራሽ የለም፤ በጀት የለም፤ የሙዚቃ መሣሪያ የለም እንባባልና ነገሩ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ሁሉ ነገር በተሟላበት ከተማ የተሠራን አንድ ሥራ መመርመር ይጠቅማል። ሥራው «ሪዝም ኢዝ ኢት!» የተባለው የጀርመን ዘጋቢ ፊልም ነው። ፊልሙን ያዘጋጁት ቶማስ ግሩበና ኤንሪኬ ሳንቼዝ ላንሽ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የቀረበው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአገሩ ከፍተኛውን የዘጋቢ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። ፊልሙን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። በፊልሙ ውስጥ ልጆቹን የሚያሠለጥነው ሰው በርሊን ከመድረሱ ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርቶ ነበር። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ስናያቸው ለእኛ የሚሆን ትምህርት ይገኝባቸዋል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰር ሳይመን ራትል በ2002 እ.ኤ.አ. የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ መሪ ሲሆን፣ ኦርኬስትራው ለባለ ትኬቶች ብቻ መጫወቱ በቂ አይደለም የሚል አቋም ይዞ መጣ። ስለዚህ ከከተማው ልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ 250 ልጆችና ወጣቶች ከኦርኬስትራው ጋር አንድ ትልቅ የዳንስ ትርኢት እንዲያሳዩ ታቀደ። ከ25 አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ዳንስ ተምረው አያውቁም። ከፊሎቹ የሚማሩት በዚያን ጊዜ በነበረው የጀርመን ሥርዓት ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ልጆች ተለይተው በሚመደቡበት ዓይነት ትምህርት ቤት ነበር። እንዲያሠለጥናቸው የተጠራው እንግሊዛዊው የዳንስ አቀናባሪ ሮይስተን ማልዱም ነው። ልምምዱ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀ። በጥር ወር 2003 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ አሬና በተባለ ሰፊ አዳራሽ ትርኢቱ ቀረበ።

የተመረጠው ሙዚቃ ቀላል አልነበረም። የኢጎር ስትራቪንስኪ የባሌ ሙዚቃ ነው፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የጸደይ መሥዋዕት» ልንለው እንችላለን። በ1913 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ከተመልካቹ የተነሣው ጩኸትና ሁካታ እስከ ዛሬ ይወራል። በሙዚቃው ውስጥ ምቱ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። እግራችን በለመደው የጭፈራ ምት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልን ልንከተለው ብንሞክር ወዲያው ይጥለናል። ስለዚህ ዳንሰኛው ጆሮውን ማቅናት፣ መቁጠርና አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን ማዳመጥ ግዴታው ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ሙዚቃ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል።

ፊልሙ ሦስት ወጣቶችን በቅርብ ይከተላል። አንዷ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ የሚያሰጋት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ሁለተኛው ከናይጄሪያ ብቻውን የመጣ ወላጅ አልባ ወጣት ነው። ሦስተኛው ሰው ሲነካው የሚሸማቀቅ፣ ከሰውነቱ ጋር ያልታረቀ ወጣት ነው። የእነዚህ ታሪክ ከኦርኬስትራው ልምምድ ጋር እየተፈራረቀ ይቀርባል።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። በመጀመሪያ የፊልሙን ብርቱ ጎን እንይ።

የመጀመሪያው ብርቱ ነገር ሥልጠናው የሚጀምርበት ቦታ ነው። ማልዱም ልጆቹን መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ዝላይ ወይም ሽክርክሪት አይደለም፤ ዝም ብለው እንዲቆሙ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ልጆቹ ግን አይችሉም። ይሳሳቃሉ፣ ይጎነታተላሉ፣ ፀጉራቸውን ይነካካሉ። አሠልጣኙም ዝም ብሎ መቆም ከባዱ ሥራ መሆኑን ስለሚያውቅ አይለቃቸውም። የሳቁ ምንጭ ፍርሃት እንደሆነ፣ ያልለመደ ሰው ሌላው ሲያየው ራሱን የሚደብቀው በሳቅ እንደሆነ ይነግራቸዋል። እያንዳንዳችን ክፍል ውስጥ የምናየው ነገር ነው። ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ወጥቶ ሲሽኮረመም «ንቀት ነው» ብለን እንቆጣለን እንጂ፣ ሰው ፊት የመቆም ጥበብ ራሱን የቻለ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ስንቶቻችን እናስባለን? በሦስት ሳምንት ውስጥ ውዝዋዜ የሚያደርስ ክበብ ለዚህ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ልጆቻችን መድረክ ላይ የሚያሳዩን በአብዛኛው የተሸመደደ እንቅስቃሴ ነው። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ብርቱ ነገር ማንም በችሎታው አለመመረጡ ነው። አንድ ክፍል ሲመጣ ሙሉው ይመጣል። ወፍራሙም፣ ቀጭኑም፣ ዓይን አፋሩም፣ አስቸጋሪውም አብሮ ይሠራል። የእኛ ክበብ ግን የሚጀምረው «ማን ይችላል?» በሚል ጥያቄ ነው። የሚችሉትን መርጦ ያንኑ የሚችሉትን ነገር ማሠራት ደግሞ የችሎታቸው መጠቀሚያ መሆን ነው፤ ማስተማር ብሎ ለመጥራት ይከብዳል። የሒሳብ መምህር የሚያውቁትን ብቻ ይዞ ሌላውን ተመልካች ቢያደርግ ማን ዝም ይለዋል?

ሦስተኛው ነገር ለእኛ ለመምህራን እጅግ የሚነካው ነው። በልምምዱ መካከል በአሠልጣኙና በአንዳንድ መምህራን መካከል አለመግባባት ይነሣል። መምህራኑ ልጆቹ ከአቅማቸው በላይ እየተጠየቁ ነው ብለው ይሰጋሉ። ማልዱም ደግሞ ልጆቹን የጎዳቸው ከእነሱ ጥቂት መጠበቅ ነው ብሎ ያምናል። የእኛም አገር ተረት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል። ተረቱ እውነት የሚሆነው ልጁ ውኃና ዱቄቱን እንዲለካ ሳናስተምረው ስንቀር ነው። የፊልሙ መጨረሻ ለማልዱም ይፈርድለታል፤ በመጀመሪያው ቀን መቆም ያቃታቸው ልጆች በዓለም ከታወቁት ኦርኬስትራዎች በአንዱ ሙዚቃ ላይ ምት ሳይስቱ ይደንሳሉ።

ይሁንና በዚህ ቦታ ላይ ከፊልሙ ጋር መለያየት አለብን። ማልዱም ከልጆች ብዙ መጠበቁ ትክክል ነው። ፊልሙ ግን መምህራኑን እንደ እንቅፋት ብቻ ማሳየቱ ትክክል አይደለም። መምህሩ የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። ያቺ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ማታ ቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደደረሰባት፣ ፈተናዋ መቼ እንደሆነ ያውቃል። የኪነ ጥበቡ ሰው የሰው ሰውነትና መንፈስ እስከ ምን ሊሄድ እንደሚችል ያውቃል። ሁለቱም ዕውቀት ለልጁ ያስፈልገዋል። አሠልጣኙ ስድስት ሳምንት ሠርቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው መምህሩ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም መሆን ነበረበት። መምህሩ ከግድግዳው ሥር ቆሞ ከሚሰጋ፣ ከልጆቹ ጋር ጫማውን አውልቆ ቢሰለፍ ኖሮ ትርኢቱ ካለቀ በኋላ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይተከል ነበር።

የፊልሙ ሁለተኛ ጉድለት ከዚህ ይመነጫል። ፊልሙ የሚያበቃው በጭብጨባው ላይ ነው። ተመልካቹ ዕንባውን እየጠረገ ይነሣል። ሰኞ ጧት ምን ሆነ? ናይጄሪያዊው ወጣት ያን ሁሉ ኃይል የት ያሳርፈው? ሰው ሲነካው ይሸማቀቅ የነበረው ልጅ በሚቀጥለው ወር ልምምድ የሚያደርግበት ቦታ ነበረውን? ፊልም ሠሪው ሁሉን የማሳየት ግዴታ የለበትም ቢባል እንቀበላለን። ነገር ግን አንድ ሥራ ሰውን ይለውጣል ብሎ ሊያሳምነን የሚፈልግ ሰው፣ ለውጡ ከበዓሉ ማግሥት መትረፉን ሊያሳየን ይገባዋል። አለዚያ ያየነው ለውጥ ነው ወይስ ግለት ብለን ለመጠየቅ እንገደዳለን።

ሦስተኛም ጉድለት አለ። 250 ልጆች ያለ ምርጫ የገቡበትን ሥራ ካሜራው መርጦ ሦስት አድርጎታል። ታሪክ ለመንገር ይህ ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን በኋላኛው ሰልፍ ቆማ በጸጥታ የተማረችው፣ ምንም የሚያሳዝን ታሪክ የሌላት ልጅ ከፊልሙ ውጭ ቀርታለች። የሥልጠና መለኪያው ግን እሷ ናት። ጎበዙ በማንም እጅ ይማራል፤ ታሪኩ የሚያስለቅሰውም ሰው ያየዋል። የአሠልጣኝ ሙያ የሚታወቀው በኋላኛው ሰልፍ ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በ1996 እ.ኤ.አ. ማልዱም እዚህ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆችን አሠልጥኖ፣ ካርል ኦርፍ በደረሰው «ካርሚና ቡራና» በተባለው ሙዚቃ ላይ ትርኢት አቅርቦ ነበር። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከበርሊኑ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከጭብጨባው በኋላ ነው። በአዲስ አበባ ሥራው በዚያ አላበቃም። አሥራ ስምንት ወጣቶች ተመርጠው ለአምስት ዓመት ያህል የዘለቀ ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ቡድናቸውም አዱኛ ተባለ። የተማሩት መደነስ ብቻ አልነበረም። ዘመናዊውን ዳንስ ከአገራችን ውዝዋዜ ጋር እያገናኙ ማቀናበርን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላውን ማስተማርን ተማሩ። በኋላም ራሳቸው ወደ ጎዳና ልጆችና ወደ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ሄደው አሠለጠኑ።

ፍሬው እስከ ምን ደረሰ ቢሉ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ የኪነ ጥበብ ድርጅት በየዘርፉ ለታላላቅ ከያንያን ተማሪ አድርጎ ከሚመርጣቸው ወጣቶች መካከል በዳንስ ዘርፍ ተመርጦ፣ በጃፓናዊው የዳንስ ሊቅ በሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ተምሯል። እሱና የሥልጠና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ በኋላ ዴስቲኖ የተባለ የዳንስ ቡድን በአዲስ አበባ አቋቁመዋል። ይህን የምንጠቅሰው ስማቸው ስለገነነ አይደለም። ሠልጣኙ አሠልጣኝ መሆኑን፣ ዘሩ ዘር ማፍራቱን ለማሳየት ነው።

አዱኛም ቢሆን ከሂስ አያመልጥም። ከመቶ ያህሉ ውስጥ አሥራ ስምንቱ ሲመረጡ የቀሩት በመጀመሪያው ግለት ላይ ቀርተዋል። ሥራው በውጭ ሰዎችና በረድኤት ገንዘብ የተደገፈ ስለነበረ አንድ ተራ ትምህርት ቤት እንዳለ ሊገለብጠው አይችልም። ነገር ግን ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው የጊዜ ርዝመት ነው። ሁለተኛው የተማረው እንዲያስተምር ማድረግ ነው።

ደግሞስ እነዚህ ሁለት ነገሮች ለእኛ እንግዳ ናቸውን? የቤተ ክርስቲያኑን የዜማና የአቋቋም ትምህርት እንመልከት። ተማሪው ከበሮውን፣ ጸናጽሉንና መቋሚያውን ከድምፁና ከእግሩ ጋር የሚያስማማው በዓመታት ልምምድ ነው። መሪጌታው ሁሉን አያስጠኑም፤ ቀደም ያለው ተማሪ አዲሱን ያስጠናል፤ ሲያስጠናም ራሱ ይጠነክራል። በበዓል ቀን በማሕሌት የምናየው ዝማሜ ያማረው ለበዓሉ ተብሎ በሦስት ሳምንት ስለተዘጋጀ አይደለም። ይህ ትምህርት የሙሉ ጊዜ ስለሆነ የእኛ ክበብ በመጠን ሊስተካከለው አይችልም፤ በሥርዓቱ ግን ሊማርበት ይችላል።

ዘመናዊው ቴአትራችንም ቢሆን የትምህርት ቤት ባለ ዕዳ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ከጻፉት ተውኔት በኋላ፣ መድረኩን በ1920ዎቹ ነፍስ የዘሩበት በአብዛኛው መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ደራሲ ብቻ ሳይሆኑ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህርም ነበሩ፤ ተውኔታቸውን ለተማሪዎቻቸው እያስጠኑ ያሠሩ ነበር። መምህሩ ራሱ ደራሲ፣ አሠልጣኝና አዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ማልዱምና የበርሊን መምህራን ለሁለት የተካፈሉት ሥራ በዮፍታሔ እጅ አንድ ነበር።

በቅርቡ ታሪካችን ደግሞ የቀበሌ ኪነት አለ። ቀበሌዎች ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ከተቋቋሙ በኋላ በየከተማው ኪነት የሚባሉ የወጣት ቡድኖች ተደራጁ። ወጣቱ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰበ ዘፈን፣ ውዝዋዜና ድራማ ይለማመድ ነበር። ብዙ ስመ ጥር ድምፃውያንና ተወዛዋዦች የወጡት ከዚያ ነው። ኪነቱ በጎ ጎን ነበረው፤ ልምምዱ በሰፈር ውስጥ ነበር፤ ክፍያ አልነበረበትም፤ ድሃው ልጅ ይገባ ነበር። ጉድለቱ ደግሞ ይዘቱ አስቀድሞ ተወስኖ መምጣቱ ነው። ልጁ የሚዘፍነው የታዘዘውን መፈክር ነበር፤ የራሱን ነገር ለመናገር አልሠለጠነም። ያ ሥርዓት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከመፈክሩ ጋር የልምምዱም ልማድ ብዙ ቦታ ተቋረጠ። መፈክሩን ጥሎ ልምምዱን ማስቀረት ይቻል ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለክበባችን ምን እናውጣ? የመጀመሪያው ነገር ሒሳብ ነው። ለበዓል የሚደረገውን ዝግጅት እንቁጠረው። ሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን 30 ሰዓት ነው። ተጠቃሚው ዐሥር ልጅ ነው። በአንጻሩ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ይዘን 30 ሳምንት ብንሠራ 45 ሰዓት ይሆናል፤ በአንድ የመማሪያ ክፍል ወንበሩን ጠጋ ጠጋ አድርገን አርባ ልጅ ልናሠራበት እንችላለን። አዳራሽ አይጠይቅም፤ ኪራይ ልብስ አይጠይቅም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ያን አንድ ሰዓት ተኩል እንዴት እንከፍለዋለን? አንድ ምሳሌ እንስጥ። የመጀመሪያው ዐሥር ደቂቃ ቆሞ የማዳመጥና የመተንፈስ ይሁን። ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ ሰውነትን ማፍታታት፣ ምት መቁጠር፣ ድምፅ ማውጣት። ሠላሳ ደቂቃ አንድ አዲስ ነገር መማር። ሃያ ደቂቃ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለግማሹ ማሳየት። የመጨረሻው ዐሥር ደቂቃ ያዩትን በጨዋ ቃል መናገር፦ «ይህ ግልጽ ነበር፤ ይህ አልገባኝም፤ እዚህ ላይ ምቱ ጠፋ።» በዚህ አካሄድ ልጁ በየሳምንቱ ሠሪም ተመልካችም ሐያሲም ይሆናል። ትርኢቱም በየሳምንቱ አለ ማለት ነው፤ እንግዳ ግን አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የይዘት ነገር ነው። በበዓል ቀን የተለመደው አንድ ቅይጥ አለ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ የትከሻ እስክስታ፣ የወላይታ የወገብ ውዝዋዜ፣ የጉራጌ ፈጣን የእግር ጭፈራ፣ የትግርኛው ዙሪያ ጥምጥም፣ የኦሮምኛው ረገዳ ይፈራረቃሉ። ልብሱ ይቀያየራል። ተመልካቹ ደስ ይለዋል። ልጆቹ ግን የትኛው በሰርግ፣ የትኛው በመኸር፣ የትኛው በሌላ በዓል እንደሚጨፈር፣ ማን ከማን ፊት እንደሚቆም አልተነገራቸውም። ልብሱ ዕውቀቱን ተክቶታል። በዓመት አንድ ጭፈራ ብቻ መርጦ፣ ከወላጆች መካከል የሚያውቁትን ጋብዞ፣ ሥርዓቱንና ግጥሙን ጠይቆ፣ መዝግቦ መማር ይሻላል። የአማርኛም ሆነ የሌላ ቋንቋ መምህር፣ የታሪክና የስፖርት መምህርም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው።

ሦስተኛው የልጆቹ ደኅንነትና ክብር ነው። የትርፍ ጊዜ ሥልጠና ማለት ከመደበኛው ሰዓትና ከብዙ ሰው ዓይን ውጭ የሚደረግ ሥራ ስለሆነ ጥንቃቄው መጨመር አለበት። ልምምድ ሲመሽ የሚቀሩት በመጀመሪያ ሴቶቹ ናቸው፤ ወላጅ ይከለክላል፤ ቢከለክልም አይፈረድበትም። ስለዚህ ሰዓቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቅ ይሁን። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ልምምድ አያድርግ። እንቅስቃሴ ለማረም የልጅን ሰውነት መንካት ካስፈለገ በሁሉ ፊትና በፈቃዱ ይሁን። በፈተና ሰሞን ልጁን ከጥናት እያወጡ ለእንግዳ ማስጨፈርም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

አራተኛው የመምህሩ ነገር ነው። ክበቡን የሚመራው ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜው ሞልቶበት በላዩ ላይ የተጫነበት፣ ወይም ልጅ እግር ነው ተብሎ የተመደበ መምህር ነው። ሥራው እንደ ሥራ አይቆጠርለትም። ከዩኒቨርሲቲው የቴአትር ክፍል ወይም ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጣ ባለሙያ በየትምህርት ቤቱ ይመደብ ብንል የሚሆን አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ውስጥ ግን እያንዳንዱ ዕጩ መምህር አንድ ቡድን ለአንድ ወቅት እንዲያሠለጥን ማድረግ ይቻላል። ለማስተማር ልምምድ የሚወጡት ዕጩዎች የሚገመገሙት በትምህርት ዕቅዳቸውና በሰሌዳ አጻጻፋቸው ነው። አርባ ልጅ በጸጥታ ማስቆም፣ ምት ማስጠበቅ፣ ዓይን አፋሩን ማናገር መቻላቸውም ቢገመገም፣ የሚጠቅማቸው በክበቡ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል። ልጆች ትርኢት ከሌለ አይተጉም፤ የሚያነሣሣቸው መድረኩ ነው የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። የበርሊኑም ሥራ ያለዚያ ታላቅ አዳራሽና ያለዚያ ታላቅ ኦርኬስትራ ልጆቹን እንዲያ ባላተጋቸው ነበር። ስለዚህ ትርኢት ይቅር አንልም። አርባውም የሚታዩበት፣ በዓመቱ ሥራ መጨረሻ የሚመጣ፣ የተማሩትን የሚያሳይ ትርኢት ይኑር። የምንነቅፈው ትርኢቱ ልምምዱን ሲበላው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በችኮላ የተዘጋጀ በዓል ከአዳራሹ ወጥተን ሳንጨርስ ይፈስሳል።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለን። ክበብ ስትገቡ «የትኛው ገጸ ባሕርይ ይሰጠኛል?» ብላችሁ ሳይሆን «ምን እማራለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጠሪ መምህራችሁን በጨዋነት በየሳምንቱ ሰዓት እንዲሰጣችሁ ለምኑ። ካልተገኘም ከአምስትና ከስድስት ጓደኞቻችሁ ጋር በግቢው ዛፍ ሥር ጀምሩ። ተራ ገብታችሁ አንዳችሁ ስታስጠኑ ሌሎቻችሁ ተማሩ። እኔ አልችልም የሚለውን ጓደኛችሁን አትሳቁበት፤ ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ከላይ ተናግረናል።

የበርሊኑ ፊልም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም ቢታይ ልብ ይነካል፤ ለመምህራን ስብሰባ ቢቀርብም ጥሩ ውይይት ያስነሣል። ሲቀርብ ግን የአዱኛ ታሪክ አብሮ ይነገር። አንዱ ልጅ በስድስት ሳምንት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል፤ ሌላው ልጁን እዚያ ለማቆየት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ይነግረናል። በመጪው የወላጆች ቀን የክበባችንን ሥራ ስንመዝን በጭብጨባው ርዝመት አንመዝነው። ትርኢቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ በኋላኛው ሰልፍ የነበረችውን ልጅ ጠርተን የተማረችውን ለአንዲት አዲስ ተማሪ እንድታስተምራት እናድርግ። ካስተማረቻት ክበቡ ሠርቷል።